ሬክቲፋየር ቲዩብ ስለመቀየር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ምሽት በአንድ ምግብ ቤት ከባንድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ። አምፕሊፋየሬ አዲስ ቢሆንም የተሠራው የአሜሪካው ኩባንያ ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1960 ባመረተው የትዊድ ዴሉክስ (5ኢ3) ንድፍ ነው። አንድ 5ዋይ3 ሬክቲፋየርና ሁለት 6ቪ6 የኃይል ቲዩቦች (አየር የሌለባቸው አምፖል መሰል የመስታወት ክፍሎች) አሉት። ወፍራሞቹን ክሮች ጠንከር አድርጌ ስመታ ድምፁ ይላላብኛል። ጓደኛዬ በ5ዋይ3 ቦታ ጂዜድ34 የተባለውን ሬክቲፋየር ብሰካ እንደሚጠነክር ነገረኝ፤ ሶኬታቸውም አንድ ነው። ልቀይረው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ድምፁ መጠንከሩ አይቀርም፤ ሆኖም በእርስዎ አምፕሊፋየር ላይ ይህን ቅያሪ እንዲያደርጉ አልመክርም።

የጊታሩ ድምፅ በሬክቲፋየሩ ውስጥ አያልፍም። የሬክቲፋየሩ ሥራ ከትራንስፎርመሩ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ ቀጥተኛ ጅረት መለወጥ ሲሆን፣ ይህን ሲያደርግ ከቮልቴጁ የተወሰነውን ያስቀራል፤ የሚያልፍበት ጅረት በጨመረ ቁጥርም የሚያስቀረው ይጨምራል። 5ዋይ3 የአቅሙ ጫፍ በሆነው 125 ሚሊአምፒር ላይ ከ50 እስከ 60 ቮልት ያስቀራል፤ ጂዜድ34 ግን 225 ሚሊአምፒር እያሳለፈ እንኳ የሚያስቀረው 17 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ኮርድ በኃይል ሲመታ ቮልቴጁ ለአፍታ ወርዶ መልሶ የሚነሣው፣ ድምፁም ተጨምቆ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሰፋው ከዚህ የተነሣ ነው። ትዝታን በዝግታ ለሚጫወት ሰው ይህ ጠባይ ትልቅ ሀብት መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ችግሩ የሚመጣው በ6ቪ6ዎቹ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ይኸው ቅያሪ የተደረገበት አምፕሊፋየር ወደ እኔ መጥቶ ነበር። በ5ዋይ3 ስለካው የ6ቪ6ዎቹ ፕሌት (ኤሌክትሮኖችን የሚቀበለው የቲዩቡ ክፍል) 358 ቮልት፣ ሁለቱ በጋራ የሚጠቀሙበት ባለ 250 ኦም የካቶድ (የኤሌክትሮኖቹ መነሻ) ሬዚስተር ደግሞ 20 ቮልት አሳየ። 20 ለ250 ሲካፈል 80 ሚሊአምፒር፣ ለእያንዳንዱ ቲዩብ 40 ይደርሰዋል፤ ይህ ከ358 ላይ 20 ተቀንሶ በሚቀረው 338 ቮልት ሲባዛ 13.5 ዋት ይሆናል። ስክሪኑ (በካቶዱና በፕሌቱ መካከል ያለው ክፍል) የሚወስደው ጥቂት ጅረት ቢቀነስም፣ 6ቪ6 እንዲሸከም የተፈቀደለት 14 ዋት ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ በትክክለኛው ሬክቲፋየር እንኳ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ይሠራ ነበር። ጂዜድ34 ስሰካበት ፕሌቱ 392፣ ካቶዱ 22 ቮልት ሆነ፤ ሒሳቡም ከ16 ዋት አለፈ። መብራት አጥፍቼ ስመለከት ከሁለቱ በአንደኛው ፕሌት ላይ ጥፍር የምታህል ቀይ ፍም ትታይ ነበር። እንዲህ የሚግል ቲዩብ ዕድሜ የለውም፤ ሲበላሽም የውጤት ትራንስፎርመሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከመወሰንዎ በፊት አሁን የተሰካውን 5ዋይ3 ቢያስመረምሩት መልካም ነው። ዛሬ በዚህ ስም ከሚሸጡት አንዳንዶቹ በውስጣቸው ሌላ ዓይነት ሆነው ከጥንቱ 5ዋይ3 ያነሰ ቮልቴጅ ስለሚያስቀሩ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ 6ቪ6ዎቹ ከልክ በላይ ሊግሉ ይችላሉ። ልኬቱ ሽፋኑን መክፈት ይጠይቃል፤ መሣሪያው ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ለመግደል የሚበቃ ቮልቴጅ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ካልለመዱት ለባለሙያ ይስጡት።

ለእርስዎ ችግር ሁለት የተሻሉ መንገዶች አሉ። ንድፉ በቲዩቦቹ መካከል ድምፁን የሚያሳልፍበት ካፓሲተር 0.1 ማይክሮፋራድ ነው፤ ባለሙያ ወደ 0.022 ቢያወርደው የወፍራሞቹ ክሮች መላላት በግልጽ ይቀንሳል። ሌላው ስፒከሩ ነው፦ በዚያው ኃይል ድምፁ ከአሁኑ በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ቢገጥሙ የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ያደረጉ ያህል ነው፤ ቲዩቦቹም ምንም ተጨማሪ ሸክም አይደርስባቸውም።

ለጂዜድ34 የተነደፈ አምፕሊፋየር ያላችሁ አንባቢያንም 5ዩ4 የተባለውን ሌላ ሬክቲፋየር ከመሰካታችሁ በፊት ትራንስፎርመሩን አረጋግጡ። የ5ዩ4 ማሞቂያ 3 አምፒር ሲፈልግ የጂዜድ34 1.9 ብቻ ነው፤ ለዚህ ያልታሰበ የትራንስፎርመር ጥቅል ይግላል።

ጥያቄ፦ 5ዋይ3 ተቃጠለብኝ፤ ምትኩንም ማግኘት አልቻልኩም። በቲዩቡ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ባለ ዳዮድ (ቲዩብ ሳይሆን ጅረትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ክፍል) ምትክ ልጠቀም?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ተራው ዓይነት ከሆነ አይጠቀሙ። ዳዮድ የሚያስቀረው ቮልቴጅ ከምንም የማይቆጠር በመሆኑ ውጤቱ ከጂዜድ34ም ይብሳል፤ በዚያ ላይ ቮልቴጁን 6ቪ6ዎቹ ሳይሞቁ በአንድ ጊዜ ይለቃል። የ5ዋይ3ን ጠባይ እንዲመስል ሬዚስተር የተጨመረበት ምትክ ካገኙ ግን ሊሠሩበት ይችላሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ 5ዋይ3 ለምን እንደተቃጠለ ይፈልጉ። ከሬክቲፋየሩ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ካፓሲተር ሾርት ካደረገ አዲሱንም ያቃጥለዋል። በጥገና ወቅት በ16 ማይክሮፋራድ ፋንታ 47 ተገጥሞ ከሆነም፣ 5ዋይ3 ከ20 ገደማ በላይ እንዲሞላ ስላልተሠራ፣ ሲበራ በሚስበው ጅረት ቶሎ ይጎዳል። የአሜሪካ አምፕሊፋየር በ220 ቮልት መቀነሻ የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ የመቀነሻውን መውጫ በቴስተር ይለኩ፤ 120 ለሚለው መሣሪያ 130 እየሰጠ ከተገኘ፣ የቲዩቦቹን ማሞቂያ ጨምሮ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ሁሉ በዚያው መጠን ከፍ ብሏል ማለት ስለሆነ፣ አዲስ ቲዩብ ከመሰካትዎ በፊት መቀነሻውን ይቀይሩ።