ስማችሁ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት

ልጆቼ፣

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁን አውቄያችኋለሁ። ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ሥራ ፍለጋ ወረዳ የምትመላለሱ አላችሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ «ጋሼ፣ ይሄ የኢኮኖሚ ማሻሻያ የሚሉት ነገር ለእኛ ምን ያመጣልናል?» ትሉኛላችሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በርትቷል። የዘይቱንና የቤት ኪራዩን ነገር እናንተም እኔም እናውቀዋለን። ዕድሜዬን የፈጀሁት መንገድና የፍሳሽ መስመር ሳሠራ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም። ሥራ አጥን ለማሠራት ተብሎ የሚጀመር ፕሮጀክት ግን ከውስጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። መልሴን ከሩቅ አገር ታሪክ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ባንኮች ከስረዋል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ሆኖ ሥልጣን በያዘ በቀናት ውስጥ የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ለጊዜው ዘጋ። ከዚያ በሬዲዮ ቀርቦ ለምን እንደተዘጉና እንዴት እንደሚከፈቱ ለሕዝቡ በተራ ቋንቋ አስረዳ። ባንኮቹ መከፈት ሲጀምሩ ሰዉ ቤቱ የደበቀውን ገንዘብ መልሶ ለማስገባት ተሰለፈ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የተቸገረ ሕዝብ እውነቱ ከተነገረው ብዙ ይታገሣል።

ሩዝቬልት ኢኮኖሚውን ለማንሳት ከጀመረው፣ ኒው ዲል ከተባለው ፕሮግራም ውስጥ ለእናንተ ዕድሜ የሚቀርበው የደን ልማት ካምፑ ነው። ሥራ ያጡ፣ ያላገቡ ወጣቶች ካምፕ ገብተው ዛፍ ይተክላሉ፣ አፈር ያቅባሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ። ደመወዙ በወር 30 ዶላር ነው። ከእሱ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። እስከ 1942 ድረስ ወደ 3 ሚሊዮን ወጣት አልፎበታል። ማንበብና መጻፍ እዚያው የተማረ ብዙ ነው። ሴቶች ግን አልተካተቱበትም።

በ1935 ከተጀመረው የሕዝባዊ ሥራ ፕሮግራም ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራ አግኝቷል። መንገዱ፣ ድልድዩ፣ ትምህርት ቤቱ ስንቱ! ያም ሆኖ «አካፋ ተደግፈው ይውላሉ» እየተባለ ተሾፈባቸው። እኛ አገርም ኮብልስቶን በተጀመረ ጊዜ «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ጠረባ!» ይባል ነበር። ያ ፌዝ ዛሬም ያናድደኛል። ድንጋዩን አሥር በአሥር ሴንቲሜትር ጠርቦ ማውጣት ሙያ ነው። አሸዋውን ደልድሎ፣ ሲባጎ ወጥሮ፣ መሃሉን ትንሽ ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ አድርጎ ውኃው ወደ ቦዩ እንዲወርድ መደርደርም ሙያ ነው። ተዳፋቱ ከተበላሸ አንድ ክረምት አይሻገርም። ከእኔ ጋር ከሠሩት ልጆች መካከል ይህን ጠይቆ፣ አይቶ፣ ለክቶ የተማረ ዛሬ ራሱ ሥራ ተቋራጭ ነው። የመገኛ ወረቀት ላይ ፈርሞ ብቻ የዋለው ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ባዶ እጁን ቀረ።

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። ያው የሩዝቬልት መንግሥት የእህልና የከብት ዋጋ እንዲያንሰራራ ብሎ ገበሬው ምርት እንዲቀንስ ከፈለው። የበቀለ ጥጥ መልሶ ታረሰ። ወደ 6 ሚሊዮን አሳማ ታረደ። ያውም ስንቱ በተራበበት ዓመት! ዋጋው በእርግጥ ተነሳ። ክፍያው ግን በባለመሬቱ እጅ ነበር የሚያልፈው። ባለመሬቱ እርሻውን ሲቀንስ ጭሰኛው አላስፈለገውም፤ ስለዚህ አባረረው። በደቡብ ግዛቶች ከተባረሩት ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። በ1935 የወጣው የጡረታና የሥራ አጥነት መድን ሕግም የእርሻ ሠራተኛንና የቤት ሠራተኛን ከመጀመሪያው ተወ። ሕጉ ለደሃ ነው የወጣው፤ ከደሃም ደሃ የሆነውን ግን አላየውም።

በ1937 ደግሞ «አሁንማ ድነናል» ተብሎ ወጪ ተቆረጠ። ኢኮኖሚው መልሶ ወደቀ። ሥራ አጥነቱ የጠፋው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነው። እንዲህ ስላችሁ ፕሮግራሙ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ሰው አብልቷል፣ ተስፋም ሰጥቷል። ግን ገንዘቡ በማን እጅ አልፎ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ካላያችሁ የማሻሻያን ነገር አትረዱትም።

እኛም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረ፣ የከተማ ሴፍቲኔት የሚባል የድሆች መደገፊያ ፕሮግራም አለን። ሰደርያ ለብሰው ጎዳና የሚጠርጉትን፣ ቦይ የሚያጸዱትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። ከክፍያቸው ላይ እየተቆጠበ፣ ከፕሮግራሙ ሲመረቁ የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩበት ነው የታሰበው። የእናንተ ተራ ሲደርስ፣ ሴፍቲኔትም ይሁን ሌላ የሥራ ዕድል፣ አትፈሩ፣ አትሸማቀቁ፤ ተመዝገቡ። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ስንት ዓመት ነው? ቁጠባው በማን ስም ነው የሚቀመጠው? ምን ሙያ ያስተምረኛል? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ ወረቀቱን አንብቡት።

ከዚያ ዝርዝሩ ወረዳው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የራሳችሁን ስም አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቆርቆሮ ቤት ተከራይታ ልብስ እያጠበች የምትኖረው ሴት ስሟ አለ? መታወቂያዋ የገጠር ስለሆነ ተመልሳ ሊሆን ይችላል። ማንበብ ስለማትችል ማስታወቂያውን ሳታየው አልፎም ይሆናል። የቅሬታ ጊዜው ሳያልፍ ማመልከቻዋን ጻፉላትና ወረዳ አብራችኋት ሂዱ።