ከረጅም ዕረፍት በኋላ በከፊል ጊዜ ወደ ሥራ ለምትመለሱ

ውድ ወጣቶች፣

በሒሳብ ሙያ ስሠራ፣ ኋላም ባለሙያ ስቀጥር በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ልጅ ለማሳደግ፣ ወላጅ ለማስታመም ወይም በራሳቸው ሕመም ምክንያት ሥራ አቋርጠው የተመለሱ ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል። አብዛኞቹ የተመለሱት በተለምዶ ፓርት ታይም በምንለው አኳኋን ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ያስጨንቃቸው የነበረው ያልሠሩባቸውን ዓመታት እንዴት እንደሚያስረዱ ነው። በእኔ አስተያየት ለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ከመቼ እስከ መቼ እንዳቋረጣችሁና ምክንያቱን ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ሙያችሁ እለፉ። ቀጣሪን የሚያስጠረጥረው የተሸፋፈነ ዓመት ነው።

ይልቅስ የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ሰዓቱ በግማሽ ሲቀነስ ደመወዙም በግማሽ መቀነሱን ማንም አይረሳም፤ የሥራ መዘርዝሩ ግን ብዙ ጊዜ እንደነበረ ይቀመጣል፤ ሠራተኛውም የሙሉ ቀን ሥራ በግማሽ ቀን ክፍያ፣ ማታ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት መዘርዝሩን ከቅርብ ኃላፊያችሁ ጋር አንድ በአንድ አንብቡና የትኛው ተግባር ለማን እንደተላለፈ ጠይቁ። «እየሠራን እናስተካክለዋለን» ከተባላችሁ፣ አልተስተካከለም ማለት ነው። በማትገቡበት ቀን ለደንበኛ ማን እንደሚመልስ፣ ስብሰባ በየትኛው ቀን እንደሚውልም ይወሰን። በእኛ ሙያ ሥራው የሚከመረው ወር ሲያልቅ፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን ነው፤ በየቀኑ ግማሽ ቀን ከመግባት ይልቅ ያን ሰሞን ሙሉ ቀን ሠርቶ የወሩን አጋማሽ ማረፍ ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ስለ ክፍያ ስትደራደሩ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 175 እወቁት። በከፊል ጊዜ የሚሠራ ሰው በከፊል ጊዜ በመሥራቱ ብቻ፣ በሰዓት ሲሰላ፣ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራው የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያነሰ መነሻ ደመወዝ ሊከፈለው እንደማይገባ ይደነግጋል። ያጸደቁት አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም ለድርድር ጥሩ መለኪያ ነው።

ዕውቀታችሁ ያረጀ መስሏችሁ ሁሉን ከሀ ለመጀመር አትሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ያቆመ የሒሳብ ባለሙያ በ2020 ሲመለስ፣ ከዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች መካከል የገቢ አመዘጋገብን የሚመለከተው ቁጥር 15 በ2018፣ የኪራይ ውልን የሚመለከተው ቁጥር 16 ደግሞ በ2019 ሥራ ላይ ውለው ያገኛቸዋል፤ ተከራይ የሆነ ድርጅትም አብዛኛውን የኪራይ ውል በሀብትነትና በዕዳነት መመዝገብ ግድ ሆኖበታል። የሒሳብ ምዝገባ መሠረት የሆነው ዴቢትና ክሬዲት ግን ዛሬም ያው ነው። በየሙያችሁ የተለወጠውን ለይታችሁ እሱን ብቻ አጥኑ።

ገና ለማቋረጥ የምታስቡ ደግሞ የሙያ ፈቃዳችሁ እንዳይቃጠል ከመውጣታችሁ በፊት ማኅበራችሁን ጠይቁ፤ ሥራ ላይ ላልሆኑ አባላት የተለየ መዝገብ ያላቸው አሉ፣ የወደቀን ፈቃድ ማደስም ከማቆየት ይልቅ ይከብዳል።

ወደ ሙሉ ጊዜ የመዛወር ሐሳብ ካላችሁ፣ ሰዓቱ እንደገና የሚታይበት ቀን በውሉ ላይ ይስፈር። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ከሆነ ያሰባችሁት፣ በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።