ርዕደ መሬት ወደ መታው ሞሮኮ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በኅዳር አጋማሽ 2016 ዓ.ም. ወደ ሞሮኮ ለመሄድ ትኬትና ማረፊያ ለየብቻ የገዛነው ባለፈው ሰኔ ነበር። አምስት ቀን በማራኬሽ አሮጌው ከተማ፣ ሦስት ቀን ደግሞ በአትላስ ተራሮች ሥር በምትገኘው ኢምሊል ከአንድ መንገድ መሪ ጋር በእግር ልንጓዝ አስበናል። ጳጉሜን 3 ቀን ርዕደ መሬቱ ከደረሰ ወዲህ ግን መስማማት አቅቶናል። ባለቤቴ «ሰው ባለቀበት አገር ሽርሽር ነውር ነው» ትላለች። የማረፊያው ባለቤት ከበሩ በላይ ያለውን ስንጥቅ ፎቶ አንሥቶ ልኮ «ጉዳታችን ይኸው ነው፤ ኑ» ብሎናል። መንገድ መሪያችንም ቤቱ መፍረሱን፣ ቤተሰቡ ግን መትረፉን ከጻፈልን በኋላ እርሱም «ኑ» ብሏል። ምን ትመክሩናላችሁ?
ሀ.፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጉዳዩ ክብደት ያለው ባለቤትዎ ባነሡት ሐሳብ ላይ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን። በእኛ ደንብ ለቅሶ ይደረሳል፤ ለቅሶ ደራሽ ግን በሐዘንተኛው አልጋ አይተኛም፣ ለሐዘንተኛው በመጣው እህልና ውኃም አይሻማም። ስለዚህ መመርመር ያለባችሁ፣ በምታርፉባቸው በሁለቱ ቦታዎች መገኘታችሁ ለማን ሸክም፣ ለማንስ እንጀራ እንደሚሆን ነው።

የሁለቱ ቦታዎች ዕጣ እጅግ ይለያያል። መጠኑ 6.8 የሆነው ርዕደ መሬት የተነሣው ከማራኬሽ በስተደቡብ ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአል ሐውዝ አውራጃ ተራሮች ውስጥ፣ በአገሩ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነበር። ከሞቱት ከ2,900 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ የተራራው መንደሮች ነዋሪዎች ናቸው። የሲሚንቶ ቤት ሲደረመስ አንዳንድ ጊዜ ሰው የሚተነፍስበት ክፍተት ይተርፋል፤ የጭቃ ጡብ ቤት ግን ተመልሶ አፈር ስለሚሆን ክፍተቱን ሁሉ ይሞላዋል። በጭቃ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ የሚሰማን ሐዘን የተለየ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የቲንሜል መስጊድ እንኳ አብዛኛው ክፍሉ ፈርሷል።

በማራኬሽ የአሮጌው ከተማ ቅጥር በየቦታው ተሸርፏል፣ በጃማ ኤል ፍና አደባባይ የአንድ ትንሽ መስጊድ ሚናራ ወድቋል፣ በመላህ ሰፈርም ቤቶች ፈርሰዋል። ታላቁ የኩቱቢያ ሚናራ ግን ቆሟል፤ የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም ዓመታዊ ስብሰባቸውን ከመስከረም 28 እስከ ጥቅምት 4 ቀን በዚያው ከተማ አካሂደዋል። ከተማዋ በእንግዳ የምትተዳደር ናት፤ በማረፊያዎቿ የሚያበስሉት፣ የሚያነጥፉትና ሻንጣ የሚሸከሙት ብዙዎቹም የተራራው ልጆች ስለሆኑ ለተጎዳው ቤተሰባቸው ገንዘብ የሚልኩት ከዚያው ደመወዛቸው ነው። ስለዚህ ወደ ማራኬሽ ሂዱ እንላለን፤ ባለቤትዎም በዚህ ኅሊናቸው ሊከብዳቸው አይገባም።

ስለ ስንጥቁ ግን ጠንቀቅ በሉ። የላኩልን ፎቶ ላይ ስንጥቁ ከበሩ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ፀጉር የመሰለ የልስን ስንጥቅ ብዙ አያሳስብም፤ ሳንቲም የሚያስገባ የሰያፍ ስንጥቅ ግን ግድግዳው ራሱ እንደተጎዳ ሊያመለክት ይችላል። እኛ በፎቶ ልንፈርድ አንችልም፤ የማረፊያው ባለቤትም በዓይን አይቶ ሊፈርድ አይችልም። ቤቱን መሐንዲስ መርምሮት እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ ካልተመረመረ ሌላ ማረፊያ ያዙ። ተከታይ ንዝረቶች ከቀን ወደ ቀን እየተራራቁ የሚሄዱ ቢሆኑም ቶሎ ፈጽመው አይቆሙም፤ የተጎዳ ግድግዳን ለመጣል ደግሞ ትንሽ ንዝረት ሊበቃ ይችላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለው ጉዞው በጥቅል የተገዛ ሲሆንና አደጋው ጉዞውን በእጅጉ ሲያውከው ነው፤ ለየብቻ ስለገዛችሁ ይህ አይመለከታችሁም። ኢንሹራንሳችሁም ከጳጉሜን 3 ቀን በኋላ የተገዛ ከሆነ ስለዚህ አደጋ ይከፍላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ወደ ኢምሊል የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው ቤት ያጡ ሰዎች በድንኳን በተጠለሉባት በአስኒ በኩል ነው። በኅዳር በከፍታው ላይ በረዶ መውረድ ስለሚጀምር ብርድ ልብስና እህል የጫኑ መኪኖች በዚያ ጠባብ መንገድ ይመላለሳሉ። የመንገድ መሪያችሁ «ኑ» ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱ የፈረሰበትና የቀን ገቢ የሚያስፈልገው ሰው እንዴት «አትምጡ» ሊል ይችላል? ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት የሦስቱን ቀን ክፍያ ሙሉውን ላኩለት፤ ብትመጡም ባትመጡም የእርሱ እንደሆነ ንገሩት። ከዚያ በኋላ እርሱና ልጆቹ አሁን የት እንደሚያድሩ፣ እናንተስ የት እንደምታድሩ፣ የምትበሉት ከየት እንደሚመጣ ጠይቁት። ገንዘቡ በእጁ ከገባ በኋላም «ኑ» ካለ ሂዱ፤ ድንኳኖቹን ግን ፎቶ አታንሡ። ቢያመነታ ወይም መልሱን ቢያዘገይ፣ ሦስቱንም ቀን ማራኬሽ ቆዩና እርሱ ወደ ከተማ ሲወርድ ሻይ ጋብዛችሁ አጫውቱት።