«ሽማግሌ ፊት ፈርሜያለሁ፤ አሁን መክሰስ እችላለሁ?»

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ይመታኛል። ባለፈው ወር በቡና ዘነዘና ክንዴን መትቶኝ አጥንቴ ተሰነጠቀ። ክሊኒክ የወሰደኝ እሱ ስለነበር «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አልኩ። ከዚያ ሽማግሌዎች አስታርቀውን «ክስ አልመሠርትም» የሚል ወረቀት አስፈረሙኝ። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ዛተብኝ፤ አሁን ልጆቼን ይዤ እህቴ ቤት ነኝ። ቤቱ በስሙ ነው፤ «ጥለሽ ከወጣሽ ቤቱም ልጆቹም የሉሽም» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ መውጣትዎ ልክ ነው። ነገሩ እስኪጣራ ተብሎም ቢሆን ወደዚያ ቤት አይመለሱ።

ወረቀቱ አያስፈራዎ። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ድብደባ እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ቀላል ጉዳት ሲሆን ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ማቅረብ አለባት፤ ለዚያም ያላት ጊዜ 3 ወር ነው። ጉዳት ማድረስ በሚችል መሣሪያ ሲሆን ግን በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 2 ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ይሆናል፤ ያለ ግል አቤቱታም ያስከስሳል። ዘነዘና እንዲህ ያለ መሣሪያ ነው። ሐኪም ጉዳቱን ከባድ ካለው ደግሞ አንቀጽ 555 ይመጣል፤ ቅጣቱም ይከብዳል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ያስፈረሙዎ ወረቀት ዐቃቤ ሕግን አያስረውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህል ወይም በሃይማኖት እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ግን የቤተሰብ ክርክር አይደለም። ሆኖም ቀን አያባክኑ። ዕርቅ ብዙ ሴቶችን የጎዳው 3 ወሩን በቀጠሮ እየበላ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የክሊኒኩ ካርድ ነው። ችሎት ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው፤ የተከሳሽ ጠበቃ ያቺን አንዲት ካርድ ከፍ አድርጎ ይዞ «ወድቃ» የምትለውን ቃል ጮክ ብሎ ያነባል፣ ምስክሮች ቢደረደሩም ዳኛው ዓይኑን ከካርዷ አያነሳም። ስለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ለፖሊስ ያመልክቱና ለሆስፒታል የሚጻፍ የሕክምና ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ይቀበሉ። ለሐኪሙ ማን እንደመታዎ፣ በምን፣ መቼ እንደሆነ፣ ክሊኒኩም ውስጥ ለምን ሌላ እንደተናገሩ ይንገሩት። ባልዎ አጠገብዎ ቆሞ ስለነበር ፈርተው እንደሆነ መናገር አያሳፍርም። አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ምክሩንና የፖሊስና የዐቃቤ ሕጉን ሥራ በአንድ ቦታ የሚያገናኝ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ ታሪክዎን በየቢሮው ከመደጋገም ያድንዎታል።

ዛቻውም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የላከልዎትን መልእክት አያጥፉ። «አትቅረባት» የሚል ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ ሕጋችን ውስጥ አለመኖሩ ያንገበግበኛል። እስከዚያው ባለው መንገድ እንሂድ፦ ከተያዘ በኋላ ዋስትና ሲጠይቅ ዛቻውን መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ ለፍርድ ቤቱ እንዲያነሱ አጥብቀው ይንገሯቸው። የእህትዎን ቤት የሚያውቀው ከሆነ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዳማ ውስጥ መጠለያ አለው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለዎ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ቤቱን በሚመለከት፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሌ ነው ባዩ እስኪያስረዳ ድረስ የጋራ ነው። ሕይወቷን ለማዳን የወጣች ሴት ድርሻዋን አታጣም። ሊሸጠው ይችላል ብለው ከሰጉ የእግድ ትእዛዝ ይጠይቁ። ፍቺ ከጠየቁም ማን ቤቱ ውስጥ እንደሚቆይ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑና ስለ ቀለብ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ የልጆቹን ነገር የሚመዝነውም በልጆቹ ጥቅም ነው። የችሎቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ የማይችሉት ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ ትዳር እናድን ብለው በቅንነት ይቀመጣሉ። ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምን አድርገሽው ነው?» ከሆነ ዱላው ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ገና ሳይጀምሩ ተቀብለዋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ፤ ወንዶቹ 28 በመቶ። እናት ለልጇ፣ ሚዜ ለሙሽራ «ታገሺ» እያሉ ያወረሱት ነው። ባልዎን ችሎት ማቆም ብቻውን ይህን አይነቅለውም፤ ልጆችዎ ግን እናታቸው ተመትታ ዝም እንዳላለች ያያሉ።

በመጨረሻም፣ ያን ወረቀት አይቅደዱት። «ባለቤቱን በመምታቱ ይቅርታ ጠይቆ» ወይም ይህን የመሰለ ቃል ካለበት መምታቱን አምኖ ፈርሟል ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹም የሰሙት ምስክሮች ናቸው። ቅጂ ከሌለዎ ዛሬውኑ ከአንዳቸው ይጠይቁና ይዘውት ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ፤ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለውን መርማሪ ይጠይቁ።