ዌብ የሚሠራ አባት ይመልሳል፦ ስለ ፊደል፣ ስለ ጳጉሜን፣ ስለ ልጆች

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጠባሴ። ዌብሳይት መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ዛሬ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ የምችለውን እመልሳለሁ።

አስቀድሜ ሦስት ነገር ልበል። «አይሠራም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ ምን ስትነኩ ምን እንደመጣ ጻፉ። ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይታችሁ አድራሻ፣ በራሳችሁ ስም ይመዝገብ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ ያዙ። በሉ እንጀምር።

ባለ ሱቅ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ወንድሜ፣ ዌብሳይት ለማሠራት ስንት ብር ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ «ቤት ለማሠራት ስንት ይበቃል?» ብትዪኝም እንዲሁ መመለስ አልችልም። ስንት ገጽ ነው? በቴሌብር ክፍያ ይቀበላል? ዕቃውንና ዋጋውን በየቀኑ የሚያስገባው ማነው? እነዚህን ጻፊልኝ። ዶሜይኑ ግን በአንቺ ስም ይሁን። ሠሪው በራሱ ስም አስመዝግቦ ሲጣሉ ስማቸውን ያጡ ሰዎች አይቻለሁ።

የቢሮ ጸሐፊ፣ ከመሐል ሜዳ፦ የድሮ የአማርኛ ደብዳቤዎች አሉን። በአዲሱ ኮምፒውተር ስከፍታቸው ሁሉም የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም። ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ቢሮ ሰነዱ የተበላሸ መስሎት ይጥለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ የሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት ለአማርኛ ፊደል ሁሉም የሚስማማበት ቁጥር አልነበረም። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ፎንቶች (የፊደል ቅርጽ የያዙ ፋይሎች) የእንግሊዝኛውን ፊደል የአማርኛ ቅርጽ ያለብሱት ነበር። ስክሪኑ ላይ «ሰ» ይታያል፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቅና ከሥሩ ያለው ይታያል።

ደብዳቤህ ውስጥ የጠፋ ነገር የለም። መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ቅጂ ያዝ። ቀጥሎ ፋይሉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ስሙን እይ። ከዚያ ለዚያ ፎንት የተሠራ መቀየሪያ ፕሮግራም ተጠቀም። የአንዱ ፎንት መቀየሪያ ለሌላው አይሆንም። ሲጨርስ እነ ኳ፣ ጓ፣ ቧን እና ቁጥሮቹን ለይተህ አረጋግጥ፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። በዋናው ፋይል ላይ ደርበህ ሴቭ እንዳታደርግ።

እግረ መንገዴን ሁልጊዜ የምለውን እዚህም ልበለው። ዛሬ ይህ ችግር ተፈቷል፤ የአንድሮይድ ስልክ ኖቶ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። እኛ ግን አሁንም ማስታወቂያ እናትምና በስልክ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም የዩኒኮድ ጽሑፍ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት መንገድ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 2,000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 6 ኪሎባይት ገደማ ነው ማለት ነው። የዚያው ወረቀት ፎቶ 2 ሜጋባይት ቢሆን ከ300 እጥፍ በላይ ይከብዳል። የጥቂት ብር ዳታ ሞልታ የልጇን ውጤት የምትፈልግ እናት ያንን ሁሉ ትከፍላለች። ፎቶው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ደግሞ በፍለጋ አይገኝም፤ ኮፒ አይደረግም። ዓይናቸው የደከመ አባት ፎቶውን ሲያጎሉት ፊደሉ ሊደበዝዝባቸው ይችላል። ለዓይነ ስውር ጽሑፍ የሚያነብለት ፕሮግራምም ፎቶው ላይ ዝም ይላል። እባካችሁ፣ ፊደሉን ፊደል አድርጋችሁ ጻፉት።

ጀማሪ፦ ጋሼ፣ ገጼ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ያልኩትን አንብብ። ምን ነክተህ ምን መጣ?

እናት፣ ከደብረ ሲና፦ ልጄ 2 ዓመት ከ8 ወር ነው። ስልክ ካልሰጠሁት አይበላም። አንተ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ነህ፤ ልጆችህን እንዴት አደረግህ?

መልስ፦ ሐኪም አይደለሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። እኛ ቤት ገበታ ላይ ማንም ስልክ አያወጣም፤ እኔም ጭምር። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ትንሹ አለቀሰ፤ እኔም ከበደኝ። አያቱ ቂጣ እየቆረሱ ተረት ሲነግሩት ቀስ በቀስ ተወው። ሥራዬን የምሠራው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ቀላል አይደለም፤ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀመጠው። ልጆቹ ሲነሱ ግን ላፕቶፑ ይዘጋል።

አባት፣ ከአለም ከተማ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ቲክቶክ ክፈትልኝ ትላለች።

መልስ፦ 13 ዓመት ይጠይቃል። ዕድሜዋን ዋሽተህ አትክፈትላት። ፎቶዋንም ከትምህርት ቤቷ ስምና ዩኒፎርም ጋር አትለጥፍ። የኔንም ልጆች ፎቶ የትም አታገኙም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፦ ለቤተ መጻሕፍት የመፈለጊያ ሳጥን እየሠራሁ ነው። «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያመጣም። ሁሉንም ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ልቀይራቸው?

የአማርኛ መምህር፣ ከአንኮበር፦ ይቅርታ፣ ሳልጠየቅ ልግባ። ይህ ፊደል ማጥፋት ነው! በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚያደርገው ነው። «ሰአለ» ለመነ ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። ኮምፒውተር ስለተመቸው ብለን አባቶቻችን ያቆዩትን እንቀንስ?

ተማሪው፦ መምህር፣ በአክብሮት፣ ሕዝቡ እኮ እየለየ አይጽፍም። ፈላጊው መጽሐፉን ካላገኘው ፊደሉ መኖሩ ምን ጠቀመው?

መምህሩ፦ ስላልተማረ ነዋ! መፍትሔው ማስተማር ነው።

ሌላ አባል፦ የኔ አያት ሦስቱንም ሀ ይለያሉ፤ እኔ አንዱንም አልለይም። መጽሐፉን ግን ሁለታችንም እንፈልገዋለን።

መልስ፦ መምህር፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ተማሪውም ችግሩን በትክክል አይቶታል። የሚያጣላ ነገር የለም። አንተ ወንድሜ፣ ጽሑፉን አትንካው። ደራሲው እንደጻፈው ይቀመጥ፣ እንደጻፈውም ይታይ። ከጎኑ ሰው የማያየው ሌላ ዓምድ ክፈትና አንድ ወጥ የሆነውን ቅጂ እዚያ አስገባ። ሰው ሲፈልግም የጻፈውን ቃል በዚያው ደንብ ቀይረህ ከዚያ ዓምድ ጋር ብቻ አመሳስለው።

ሀ እና ሃን አትርሳ፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ሐ እና ሓ፣ ኀ እና ኃ፣ አ እና ኣ፣ ዐ እና ዓም እንዲሁ። «ፀሐይ»ን ብቻ ውሰድ። መጀመሪያው ፊደል 2 አማራጭ፣ ሁለተኛው 6 አማራጭ አለው። ስለዚህ አንዱ ቃል በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። በትክክል የተጻፈው ከላይ እንዲወጣ ደግሞ ቅድሚያ ስጠው። እንዲህ ከሆነ አንባቢው ትክክለኛውን አጻጻፍ እያየ ይማራል፤ የመምህርም ሐሳብ ይሞላል።

መምህሩ፦ ጽሑፉ ካልተነካ ተስማምቻለሁ።

ሥራ ፈላጊ፦ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፊኬት ወስጃለሁ። ሥራ አገኛለሁ? ደግሞ ኤአይ ሁላችንንም ይተካናል ይላሉ።

መልስ፦ ሰርተፊኬቱ ጥሩ መነሻ ነው። አሠሪ ግን የሠራኸውን ነው የሚያየው። ለሰፈርህ ሱቅ ወይም ለዕድርህ አንድ ገጽ ሠርተህ አሳይ። ስለ ኤአይ ዛሬ አልገባም።

የክሊኒክ ሠራተኛ፦ የቀጠሮ ማስታወሻ በኤስኤምኤስ እንልካለን። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንቀይር ወጪው እጥፍ ሆነ። ተጭበርብረን ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ባለ 67 ፊደል እየሆነ ይቆራረጣል። 100 ፊደል ያለው መልእክት በላቲን አንድ ነው፤ በአማርኛ ሁለት ይሆናል። መልሱ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አይደለም። አሳጥሩት። «ቀጠሮዎ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው» ይበቃል።

«ጠዋት» የምትለውን ቃል ግን እንዳታወጧት። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። አምና የልጄ ትምህርት ቤት ከውጭ የመጣ ዝግጁ ገጽ ላይ የፈተና ፕሮግራም ለጠፈ። «8:30» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ 130 ኪሎ ሜትር ርቄ። አያቷ አነበቡና እንደ ማንኛችንም 8 ሰዓት ተኩል ብለው ያዙት። ምሳ አብልተው፣ ጸጉሯን ሠርተው 8 ሰዓት ላይ አደረሷት። ገጹ ያለው በፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ፈተናው አልቆ ነበር። ልጄ አለቀሰች፤ አያቷ ደግሞ ጥፋቱ የሳቸው መስሏቸው ብዙ ቀን ከነከናቸው። የሳቸው ጥፋት ግን አልነበረም። ገጹን የሠራው ሰው አንባቢው ማን እንደሆነ አላሰበም። እኔም በሙያዬ ያ ሰው እንዳልሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ አያለሁ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ብላችሁ ጻፉ።

ዴቨሎፐር፣ ከደብረ ብርሃን፦ የልጆች መመዝገቢያ ቅጽ እየሠራሁ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን ማስገባት የሚቻለው እንዴት ነው? ከፈረንጁ ዓመት 8 መቀነስ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም! ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ነው፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ 8 ይሆናል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ነው።

ለማሳየት ብቻ ከሆነ ብራውዘሩ ራሱ የእኛን አቆጣጠር ያውቃል። በጃቫስክሪፕት ቀን ማሳያው ላይ ኢትዮፒክ የሚባለውን ካሌንደር ምረጥ። ለማስገባት ግን የብራውዘሩ ዝግጁ የቀን ሳጥን በፈረንጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ሳጥን ለይተህ ተቀበል። ዳታቤዝ ውስጥ በአንድ ወጥ አቆጣጠር አስቀምጥ፤ ለሰው በሰው ቀን አሳይ።

ወሮቹ 13 ይሁኑ። ይህን አጥብቄ የምለው ትንሹ ልጄ የተወለደው ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት ስለሆነ ነው። ዝናብ ነበር፤ የሰፈር ልጆች ውጭ ይታጠቡ ነበር። ልናስመዘግበው ስንሄድ ቅጹ 12 ወር ብቻ ነበረው። መዝጋቢዋ «ነሐሴ 30 ልበለው?» አለችን። ሰው የተወለደበትን ቀን ቅጽ ስላልቻለው ይቀይራል? በወረቀት እንዲጻፍ አደረግን።

ሌላ አባል፦ ጳጉሜ ነው ወይስ ጳጉሜን?

መምህሩ፦ ጳጉሜን። ከግሪክ የመጣ ነው፤ ጭማሪ ማለት ነው።

መልስ፦ ስለ ቃሉ መምህርን ስሙ። እኔን ስለ ቅጹ ጠይቁኝ።

ጀማሪ፦ ጋሼ፣ አሁንም አይሠራም።

መልስ፦ ሁለተኛ ጊዜ ነው ወንድሜ። ያየኸውን ስህተት ቃል በቃል ጻፍልኝ። ያለዚያ ልረዳህ ብፈልግም አልችልም።

ጀማሪ፦ ይቅርታ። ትናንት አንድ ፋይል አጥፍቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነጭ ገጽ ነው የሚመጣው።

መልስ፦ እንዲህ ንገረኝ! ቅጂ አለህ?

ጀማሪ፦ የለኝም።

መልስ፦ ሆስቲንግ (ገጽህ የሚቀመጥበትን ቦታ) የሰጠህ ድርጅት ቅጂ ይዞ ይሆናል፤ ዛሬውኑ ደውል። ብዙዎቹ የሚያቆዩት ለጥቂት ቀን ነው። እስኪመልሱልህ ሌላ ምንም አትንካ።

እናት፣ ከደብረ ሲና፦ አንድ ልጨምር። ትልቋ ልጄ 10 ዓመቷ ነው፤ ኮዲንግ ትፈልጋለች። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው።

መልስ፦ ስክራች የሚባለውን የልጆች ኮዲንግ ፕሮግራም አስጀምሪያት። ነፃ ነው፤ ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም አትቆምም። የኔ ልጅ መጀመሪያ የሠራችው ዋሊያ ዳገት የሚወጣበትን ነው፤ አንድ ሳምንት ፈጀባት። አብረሻት ተቀመጪ፤ አይጡን ግን እሷ ትያዘው።

ዴቨሎፐር፣ ከደብረ ብርሃን፦ ያልከውን ሞከርኩ፤ 13 ወር አደረግሁት። ግን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሳስገባ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። 2016 ላይ ግን ጳጉሜን 6ን ይቀበላል።

መልስ፦ የፈረንጁን ደንብ ነው የጻፍከው፤ ለ4 ተካፍሎ ምንም የማይተርፈውን። የእኛ እንዲያ አይደለም። ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ዓመት ነው ጳጉሜኑ 6 የሚሆነው፤ ዘመነ ሉቃስ። 2015 3 ይተርፈዋል። ቀጣዩ 2019 ነው። ያቺን አንድ መስመር ቀይርና ሁለቱንም ዓመት ሞክር። ካልሆነ ፋይሉን ላክልኝ፤ ትንሹ እንቅልፉ መጥቷል፤ አስተኝቼው አየዋለሁ። ከመቀየርህ በፊት ግን ቅጂ ያዝ።