ደማቁ ኮከብ ላይ ያለው ጥቁር ክብ

«የሰማይ ካርታ አፕ ላይ አንድ ደማቅ ኮከብ ሳጎላ ጥቁር ክብ ተለጥፎበታል፤ ምን እየደበቁን ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን። ኧረ አቦ፣ ማንም የደበቀህ ነገር የለም። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ለዓመታት ሰርግ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገሩ የገባኝም በሙሽራ ቬሎ ነው።

ከዚራ ዛፎቹ ስር ሙሽሮችን አቆማለሁ። ለጥቁሩ ሱፍ የሚበቃ ብርሃን ካስገባሁ ቬሎው ነጭ አንሶላ ይሆናል። ለቬሎው ካስተካከልኩ ደግሞ ሙሽራው ጨለማ ውስጥ ይገባል። አንዲት እናት «የከፈልኩበት ጥልፍ የታለ?» ብለው አፋጠውኛል። ሰማይም ላይ ጣጣው ይኸው ነው፣ መጠኑ ግን አይጣል ነው። ከሌሊቱ ሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ፣ ትልልቆቹ የሰማይ ቅኝቶች (ሰማዩን በሰፊው ፎቶ የሚያነሱ ሥራዎች) ከሚፈልጓቸው ደብዛዛ ጋላክሲዎች ከ1 ቢሊዮን እጥፍ በላይ ይደምቃል። ካሜራው ለእነሱ ሲስተካከል ሲሪየስ መቃጠሉ የማይቀር ነው።

ድሮ፣ በካሊፎርኒያው የፓሎማር የከዋክብት መመልከቻ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ሰማዩ ሲነሳ፣ ፎቶው የሚያርፈው የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነበር። የደማቅ ኮከብ ብርሃን ሰሌዳውን አልፎ ከጀርባው ነጥሮ ይመለስና ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል። በዲጂታሉ ደግሞ ፒክስልን፣ ማለትም ካሜራው ላይ ብርሃን የሚቀበለውን እያንዳንዱን ነጥብ፣ እንደ ቦኖ ጀሪካን አስበው። ሲሞላ ይፈስሳል፣ የሚፈስሰውም በአንድ መስመር ወደ ጎረቤቶቹ ነው። ኮከቡን ሰንጥቆ የሚያልፈው ረጅም ነጭ ሰረዝ እሱ ነው። ኮከቡ ላይ የሚታየው የመስቀል ቅርጽ ሌላ ነገር ነው፤ ቴሌስኮፑ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ደጋፊ ብረቶች ብርሃኑን ሲበትኑት የሚመጣ።

ጥቁሩ ክብ ታዲያ ለምን? ጋላክሲ የሚቆጥረው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ስለሆነ ነው። ኮምፒውተሩ የቀለበቱንም የሰረዙንም ቁርጥራጭ «ጋላክሲ» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «እዚህ ውስጥ ያለውን አትመን» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። ኮከቡ በደመቀ ቁጥር ክቡ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ዋናው ፎቶ ሳይነካ ይቀመጣል፤ አፑ ነው ምልክቱን አጥቁሮ የሚያሳይህ።

እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ከሀረር ወጣ ብዬ በስተደቡብ ዝቅ የሚለውን ካኖፐስ የተባለ ደማቅ ኮከብ ሳነሳ ፍሬሙ ጥግ ላይ አረንጓዴ ጭጋግ አየሁ። ጅራታም ኮከብ አገኘሁ ብዬ ሦስት ቀን ጓደኞቼን አሰለቸሁ። በኋላ ካሜራውን ትንሽ ዘወር ሳደርገው ነገርየው አብሮ ዞረ። ለካ ሌንሱ ውስጥ የነጠረ የካኖፐስ ብርሃን ነው! ቅኝቶቹም አንዱን ቦታ ትንሽ እያዛነፉ ደጋግመው የሚያነሱት በከፊል ለዚህ ነው። እውነተኛ ኮከብ ቦታውን አይለቅም።

አንድ ነገር ግን ላንተ ልልቀቅ። የተደበቀ ነገር በእርግጥ ነበረ። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ሰማዩን ስትቃኝ የነበረችው ጋይያ የምትባለው ሳተላይት ደማቅ ኮከብ ሲመጣባት ብርሃን የምትሰበስብበትን ጊዜ ታሳጥር ነበር፣ የእያንዳንዱን ኮከብ ቦታም ትመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች መዝገቧን ሲፈትሹ ከሲሪየስ ጎን፣ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሲሶ ያህል ራቅ ብሎ፣ ትልቅ የከዋክብት ክምችት አገኙ። ጋይያ 1 አሉት። እስከዚያ ድረስ የሸፈነው የሲሪየስ ድምቀት ነበር።

ያየኸው የትኛው ኮከብ እንደሆነ ስሙን ጻፍልን፣ በሌላ ቅኝት ፎቶ አብረን እናየዋለን።