መልስ፦ ስብከቱን ለጊዜው ተዉት
ወንድሟ አገር ቤት ለተገደለባት የዶርማችሁ ልጅ ፌሎሺፑ (የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረታችሁ) ምን ያድርግላት ብለሻል። እህቴ፣ መጀመሪያ ስብከቱን ተዉት። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ጥሩ ነበሩ፣ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ለበጎ ነው» እንዳትሏት! እኛም እንደ እናንተ ጅማ ስንማር አንዷ ጓደኛችን እንዲህ ያለ መርዶ ሲመጣባት ቡና እያፈላን፣ ተራ ገብተን አብረናት እናድር ነበር፤ ኖት የሚገለብጥላት፣ ካፌ ይዟት የሚሄድ፣ ፈተና እንዲራዘምላት መምህሩን የሚለምን ሰው ሁሉ ነበራት (ጸሎቱስ የምትሉኝ አትቆጡ፣ ለእኔ ይሄም ጸሎት ነው)። እንቅልፍ ወር ሙሉ እምቢ ካላት ጅማ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ አብራችኋት ሂዱ። ስለ መሞት ካወራች ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ። ደግሞ የሚብስባት ሰዉ ሁሉ ወደ ክላሱ ሲመለስ ነው፣ ያኔ እንዳትጠፉባት።